ለሩጫ የትኛው መንገድ ይሻላል?

በማታ ክፍላችን አንድ ወጣት ሯጭ አለ። ጧት ይሮጣል፤ ቀን ከሰል ይጭናል፤ ማታ ፊደል ይቆጥራል። የሚሮጠው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ከአዲስ ቅዳም ተነሥቶ በአስፋልቱ ወደ ዳንግላ አቅጣጫ ይወርዳል። ከአንዲት ድልድይ ሲደርስ ግንቧን በእጁ ነካ ያደርግና ይመለሳል። ክረምት ከበጋ ይኸው ነው። «መንገዴን ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ» ይላል።

አንድ ማታ ትምህርቱ አልቆ ሰሌዳ ሲጠረግ፣ አብረውት የሚማሩ አንድ ጎልማሳ ተናገሩት። እኒህ ሰው የፈረስ ሰው ናቸው። በአገው ምድር ሰውና ፈረስ ምን ያህል እንደሚተዋወቁ ለዚህ አገር አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚደረገውን የፈረሰኞች በዓል ያላየ ካለ ሄዶ ይመልከት። ሰውየው እንዲህ አሉት፦

«አንተ ልጅ፣ ፈረስ በአንድ ሜዳ ብቻ ከተገራ ሌላ ሜዳ ሲገባ ይደነብራል። እግሩም ይሰንፋል። አንተስ?»

ልጁም «ኧረ አያ፣ እኔ ፈረስ ነኝ እንዴ?» ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም። ወጣቱ ተስፋውን የጣለው በሩጫ ላይ ነው። በዞን ውድድር ታይቶ ክለብ ለመግባት ያስባል። ክለብ የገባ ሯጭ ደመወዝ ያገኛል፤ ትጥቅ ያገኛል፤ ቤተሰብም ይረዳል። እግሩ ቢበላሽ ግን ሩጫውም ይቀራል፣ የቀን ሥራውም ይቀራል። ጆንያ ከሰል ተሸክሞ መኪና ላይ የሚወጣው በዚያው እግር ነዋ! ስለዚህ «መምህር፣ አንተ ምን ትላለህ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ስማር ጧት ጧት እሮጥ ነበር እንጂ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ገብቶ አያውቅም። ያነበብሁትንና ያየሁትን ግን እነሆ።

በመጀመሪያ ለልጁ እፈርዳለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ነጋዴው ዛሬ በአንድ ሚዛን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ በሌላ ሚዛን ቢመዝንላችሁ እህሉ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ለማለት ትችላላችሁ? አትችሉም። ለሯጭም የለመደው መንገድ ሚዛኑ ነው። ርቀቱ ያው፣ ዳገቱም ያው ነው። የሚለወጠው ሯጩ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ድልድይ ደርሶ ለመመለስ 43 ደቂቃ ከፈጀበትና ዛሬ 42 ከፈጀበት ጉልበቱ ጨምሯል ማለት ነው። በየቀኑ አዲስ መንገድ የሚሮጥ ሰው ግን ይህን ማወቅ አይችልም። ዛሬ የዘገየው ስለ ደከመው ነው ወይስ ዳገት ስለ በዛበት? በምን ያውቃል?

ልጁ ይህን ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። ቁጥር መጻፍ በተማረ በሦስተኛው ሳምንት ከደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ጥቅምት 5 ቀን 43 ደቂቃ። ጥቅምት 12 ቀን 42 ደቂቃ ከ30። ጥቅምት 19 ቀን 42 ደቂቃ።» ሰዓቱን ያየው ከስልኩ ላይ ነው። የቤት ሥራ ብዬ የሰጠሁት አልነበረም። በዚያች ገጽ የተደሰትሁትን ያህል በሌላ በምንም አልተደሰትሁም።

መንገድ ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው። ትንፋሽን መቼ ማውጣት፣ መቼ መቆጠብ እንደሚገባ ያስተምራል። ለዚህ ከአበበ ቢቂላ የተሻለ ምስክር የለም። አበበ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ለእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ ተፈጸመ፤ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ግን እሱና አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት መንገዱን አስቀድመው አይተውት የነበረ መሆኑ ነው። ሲመለከቱም ወደ መጨረሻው ግድም ጥቂት ዳገት ያለበት ቦታ አገኙ። በዚያ ቦታ አጠገብ ደግሞ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ወስደው ሮም ያቆሙት፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው ሐውልት ነው። «ጥለህ የምትሄደው እዚህ ጋ ነው» ተባባሉ። እስከዚያ ድረስ አበበ ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ጋር ጎን ለጎን ሮጠ። ከሐውልቱ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። በጨለማ፣ በሰው አገር፣ ያንን ቦታ የለየው አስቀድሞ ስላወቀው ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴም ሩጫን የጀመረው በአንድ መንገድ ላይ ነው። አርሲ፣ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። ጧት ሮጦ ይሄዳል፤ ማታ ሮጦ ይመለሳል። በኋላ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ፣ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ እንኳ ግራ እጁን ጠምዘዝ አድርጎ ይሮጥ ነበር። ደብተር ይዞ የሮጠበት እጅ ነው። መንገዱ እጁ ላይ ቀረ ማለት ይቻላል።

እስካሁን የሰማ ሁሉ ልጁ ረትቷል ይላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን ደብተሩ ሌላ ነገር ተናገረ፦ «ኅዳር 3 ቀን 42 ደቂቃ ከ40። ኅዳር 10 ቀን 44 ደቂቃ።»

«ምን ሆንህ?» አልሁት። «ምንም» አለ። ሯጭና ገበሬ ሕመም አይናገሩም። ትንሽ ቆይቶ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ የግራ አገዳውን አሳየኝ። አጥንቱን በጣቴ ስጫነው ፊቱን አጨማደደ።

ለምን ግራው ብቻ? ይህን ለመረዳት አስፋልቱን ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል። አስፋልት መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው። ይህም የተደረገው የዝናብ ውኃ እንዳይተኛበት ነው። በእኛ አገር መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሯጭ ከፊቱ የሚመጣውን መኪና እንዲያይ ግራውን ይዞ ይሮጣል። ይህ ትክክል ነው፤ ማንም እንዳይለውጠው። የድንጋይና የከሰል ጭነት መኪና ከኋላ ሲመጣ አይታይምና። ነገር ግን ግራውን ይዞ ሲሮጥ ግራ እግሩ ሁልጊዜ ዝቅ ያለውን ይረግጣል። ሲመለስም እንደገና ግራውን ስለሚይዝ ያው ግራ እግሩ ነው የሚወርደው። ሄዶም ተመልሶም አንዱ እግር ብቻ ይጎዳል። እንግዲህ በቀን ስንት ሺህ እርምጃ፣ በወር ስንት እንደሆነ አስሉት።

አጥንትም ጠባዩ ከሳንባ የተለየ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትንፋሽ ይረዝማል። ጡንቻም ይከተላል። አጥንት ግን የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው። ትንፋሹ «ሂድ» ሲል አጥንቱ ገና «ቆይ» ይላል። አንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት ምት ሳያርፍ ሲመታ መጀመሪያ ያማል፤ ካልተተወ ስስ ስንጥቅ ይወጣበታል። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚጠቆም ከሆነ፣ ተኝቶም ካልተወው፣ ሩጫ ማቆምና ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። አሽቶ መሮጥ ማባባስ ነው። የእግር ጉዳት ማንንም አይምርም። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አበበ ራሱ በእግሩ ሕመም ምክንያት ከ17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ወጥቷል። የዚያን ቀን ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው።

ስለዚህ የፈረሰኛው ነገር እውነት ነበረው።

የአዲስ አበባ ሯጮች ይህን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። እነሱ መንገድን በስም ሳይሆን በመሬቱ ዓይነት ነው የሚለዩት፤ ጫካ፣ ኮረኮንች፣ አስፋልት ይላሉ። በሳምንቱ ውስጥ ሦስቱንም ያዳርሳሉ። አስፋልት ለፍጥነት ነው፤ ግን እግር ስለሚበላ በሳምንት ከአንድ ቀን ባይበልጥ ይመርጣሉ። አንዳንድ ቀን በጧት አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ ይወጣሉ። ፈጥነው ለመሮጥ ሲፈልጉ ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ እዚያ አየሩ ጠና ይላልና። ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በእንጦጦ ላይ ደግሞ ቀስ ብለው በባሕር ዛፉ መሐል ይሮጣሉ። እዚያ ጨርሶ መንገድ የለም። አንዱ ይመራል፤ ሌሎቹ በአንድ መሥመር ሆነው ይከተሉታል። መሪው በዛፎቹ መካከል ወዲህ ወዲያ ይጠማዘዛል፤ ተከታዩ የፊተኛውን እግር እያየ ይረግጣል። ለማያውቅ ሰው የጠፉ ይመስላሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ የተለየ ስለሆነ አንድም አጥንት ብቻውን አይመታም። ቁርጭምጭሚትም ይጠነክራል።

ከኒስካነን አገር ከስዊድን የመጣ ፋርትሌክ የሚባል ዘዴም አለ። ትርጉሙ «የፍጥነት ጨዋታ» ማለት ነው። ጎስታ ሆልሜር የተባለ አሰልጣኝ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት የጀመረው ነው። ሯጩ በጫካና በዳገት እየሮጠ ደስ ሲለው ይፈጥናል፤ ሲደክመው ይዘገያል። ሰዓት አይቆጥርም። በሌላ በኩል ቼኮዝሎቫካዊው ኤሚል ዛቶፔክ በድግግሞሽ ያምን ነበር። 400 ሜትርን ደግሞ ደጋግሞ፣ ሌላው ሲያየው እስኪሰለች ድረስ ይሮጥ ነበር። በ1944 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ 5,000ውንም፣ 10,000ውንም፣ ከዚያ በፊት ሮጦት የማያውቀውን ማራቶንም አሸነፈ። ታዲያ የዛቶፔክን መንገድ ለሁሉም ሰው አልመክርም። እንደሱ ያለ እግር የተሰጠው ጥቂት ሰው ነው።

ወደ አዲስ ቅዳም እንመለስ። ልጁ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይሮጥ ቆየ። ለሱ ከእስር አይለይም ነበር። ሕመሙ ከተወው በኋላ ፈረሰኛው ራሳቸው ይዘውት ወጡ። ፈረሳቸውን የሚያሠግሩበትን የግጦሽ ሜዳ አሳዩት። ለስላሳ ሣር፣ ከሥሩ ጥቁር አፈር ነው። «እዚህ ላይ እግርህ ይስቃል» አሉት። እውነትም ሣር ምቱን ይውጣል። ግን ሰነፍ ያደርጋል እንጂ ብዙ አያፈጥንም፤ ይህን ደግሞ ልጁ ቶሎ አወቀ።

ቀጥሎ ጫካው ነው። የፋግታ ለኮማ ጫካ እንደ እንጦጦ አይደለም። ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ነው። መነሻው አውስትራሊያ ነው፤ ቶሎ ያድጋል። ገበሬው ተክሎት በአራት ወይም በአምስት ዓመት ይቆርጠዋል፤ ያከስለዋል። ቦታውን እንደገና ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መሐል ጤፍ ይዘራል። ስለዚህ እዚህ አገር መንገድ ራሱ ተለዋዋጭ ነው። ዓምና ጥላ ውስጥ የተሮጠበት ዘንድሮ ጤፍ ሆኖ ይገኛል። የለመዱት መንገድ ጠፋ ብሎ በማሳ መሐል ማቋረጥ ነውር ነው፤ የሰው ድካም መርገጥ ነው። ባለቤቱን ጠይቆ በድንበሩ መሮጥ ይቻላል። እስካሁን የከለከለ ሰው አልገጠመንም።

የተቆረጠ ጫካ ሁለት አደጋ አለበት። አንዱ ጉቶ ነው። ሣር ሲለብስ አይታይም። ሁለተኛው ከጉቶ የባሰ ነው። ከሰል የሚከሰለው እንጨቱ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ፣ ከሥር በቀስታ እየነደደ ነው። ሰው ያላወቀ እንደሆነ ክምሩ ተራ ጉብታ ይመስለዋል። ከሰሉ ከወጣ በኋላም ቦታው ከላይ አመድ፣ ከሥር ፍም ሊሆን ይችላል። ጭስ ባይታይም ጥቁር አፈር ያለበትን ዞሮ ማለፍ ነው። በአዲስ መንገድ በጨለማ መሮጥ የማይገባውም ለዚህ ነው። አዲስ መንገድ በመጀመሪያ በቀን፣ በእግር ጉዞ ይታያል። ሩጫው ከዚያ በኋላ ነው።

ውሻም አለ። በለመዱት መንገድ ላይ ያለ ውሻ ሯጩን ያውቃል፤ ጮሆ ይተዋል። የአዲስ ሰፈር ውሻ አያውቅም። ሲመጣ ሩጫን አቁሞ ቀስ ብሎ መራመድ ይሻላል። ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ መከተብ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ለማለት ይቀርባል።

በክረምት ጫካውና ሣሩ ጭቃ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ ኮረኮንችና ወደ አስፋልት መመለስ ግድ ነው፤ ምን ይደረግ! ቅዳሜ ደግሞ ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው፣ አህያውና በቅሎው መንገዱን ስለሚሞላው ሯጭ ወይ ጎሕ ሲቀድ ይሮጣል፣ ወይ ያርፋል።

ይህን ሁሉ በክፍል ስንጫወት አንዲት ሯጭ ተማሪ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። በኋላ «እናንተ ወንዶች ስለሆናችሁ ነው» አለች።

ልክ ናት። እሷ የምትሮጠው ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው መንገድ ብቻ ነው። በግራ ቀኙ ቤት አለ። እማማ እገሊት ያዩአታል፤ የወፍጮ ቤቱ ሰው ያያታል። ብትዘገይ «ያቺ ልጅ የት ቀረች?» የሚል አለ። ወደ ጫካ ግቢ፣ መንገድ ለዋውጪ ማለት ለእሷ ምክር አይደለም። ጠለፋ በሕግ የተከለከለ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ለጋብቻ ብሎ የጠለፈን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ሕግ አለ ተብሎ ግን ልጅ ብቻዋን ጫካ አትላክም። ከተማ ያሉ ሰዎች ደግሞ ሴት ሯጭ አድፍጦ የሚጠብቅ እንዳይኖር መንገድና ሰዓት ትለዋውጥ ይላሉ። ይህም በቦታው እውነት ነው። ማንም ሰው ማንንም በማያውቅበት ሰፈር የለመደ መንገድ ያጋልጣል፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ሰፈር ግን ይጠብቃል። የትኛው ሰፈር ውስጥ እንዳለች የምታውቀው እሷ ናት።

«ታዲያ እግርሽ አይሰለችም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ መንገዱን አልለውጥም፤ አሯሯጤን ነው የምለውጠው» አለች። ከአንዱ የመብራት እንጨት እስከ ሁለተኛው ትፈጥናለች፤ እስከ ሦስተኛው ታዘግማለች። አንድ ቀን ሁለት እንጨት፣ አንድ ቀን አራት ታደርገዋለች። አስፋልት ስላልሆነ አንድ ጊዜ የመንገዱን ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ግራውን ትይዛለች። ዳገቱ ላይ አሥር ጊዜ የምትመላለስበት ቀንም አለ። የስዊድኖቹን የፍጥነት ጨዋታ ስሙን ሳትሰማ አግኝታዋለች። እኔ ለሳምንት ያህል ሳሰላስል የቆየሁትን ጥያቄ እሷ በመብራት እንጨት ፈታችው። በዚያ ላይ የአክስቷን ልጅ አስከትላ መሮጥ ጀምራለች፤ አሁን ሁለት ናቸው።

ወጣቱም ከእሷ ተማረ፤ ከፈረሰኛውም ተማረ። አሁን በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ረቡዕ፣ ወደ ድልድዩ ይሮጣል። ሌላ ቀን አስፋልት አይነካም። ሁለት ቀን ሣር፣ ሁለት ቀን ደግሞ የሚያውቀው ጓደኛው አብሮት ካለ ጫካ ነው። ብቻውን ከሆነ ኮረኮንቹን ይዞ ወደ እንጅባራ በኩል ዳገት ይወጣል። ሲወጣም የት እንደሚሄድ ለእናቱ ይነግራል። መጀመሪያ ላይ ይህን መናገር አሳፍሮት ነበር።

ደብተሩም ተለውጧል። ቀድሞ ቀንና ደቂቃ ብቻ ነበር። አሁን በመሐሉ ሌላ መሥመር አስምሮ የረገጠውን መሬት ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት ያየሁት እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ ሣር። ማክሰኞ ጫካ። ረቡዕ ድልይ 41 ደቂቃ ከ50።» ከድልድይ አንድ «ድ» ጎድላለች። እሷን በቀይ ጨመርሁለት። እሱ ግን ቀዩን አላየውም፤ ጣቱን 41 ላይ አድርጎ ለፈረሰኛው ያሳይ ነበር።